የክላውድ ዳታቤዝን ከአናሊቲክስ ፕላትፎርም ጋር ማገናኘት፦ ፎርሙን መጨረሻ ላይ ሙሉት

ከዳታቤዝ ዳታ አንብበው ሪፖርትና ዳሽቦርድ ከሚሠሩ ፕሮግራሞች፣ እንደ ፓወር ቢአይ፣ ሜታቤዝና ታብሎ ካሉት፣ ጋር ዳታቤዝ ሲያገናኝ ብዙ ሰው የሚጀምረው ከፕላትፎርሙ ፎርም ነው። አድራሻውን፣ ዩዘሩን፣ ፓስወርዱን ይሞላል፣ «ኮኔክት» የሚለውን ይጫናል፣ ገጹ ሲሽከረከር ይቆይና መገናኘት አልተቻለም ይላል። ከዚያ ግምት ይጀመራል። ፓስወርድ ይቀየራል፣ ፋየርዎሉ ለዓለም ሁሉ ይከፈታል፣ ኤስኤስኤል (የግንኙነቱ ምስጠራ) ይጠፋል፣ ይሄም ካልሆነ በአድሚን ዩዘሩ ይሞከራል። አንዱ ይሠራል። የትኛው እንደሠራ ግን ማንም አያውቅም፣ የተከፈተውም ሁሉ እንደተከፈተ ይቀራል።

አንድ ግንኙነት በተራ የሚያልፋቸው ነገሮች አሉ። መጀመሪያ የሰርቨሩ ስም ወደ አይፒ ይቀየራል። ቀጥሎ መንገዱ ክፍት መሆን አለበት። ከዚያ ምስጠራው፣ ከዚያ የዩዘሩ ማንነት፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ፈቃዱ። እዚህ ያሉት ደረጃዎች ይህንኑ ተራ ይከተላሉ። አንዱን ሳታረጋግጡ ወደ ቀጣዩ አትለፉ።

ምሳሌዎቹ ፖስትግሬስ በሚባለው ዳታቤዝ ናቸው፤ አማዞን አርዲኤስ ላይም ይሁን ጉግል ክላውድ ኤስኪውኤል ወይም አዙር ላይ ነገሩ በአብዛኛው ያው ነው። ማይኤስኪውኤል የምትጠቀሙም ብትሆኑ የኔትወርኩና የምስጠራው ሐሳብ ያው ነው፣ ስሞቹና የፈቃድ ትእዛዞቹ ግን ይለያያሉ።

ደረጃ 1፦ ምንም ሳትነኩ እነዚህን ሰብስቡ

አንድ ወረቀት ወይም ኖት ክፈቱና እነዚህን ጻፉ።

1. የሰርቨሩ ሙሉ ስም። አይፒውን ሳይሆን ስሙን ውሰዱ። ክላውዱ ሰርቨሩን ወደ ሌላ ማሽን ሲያዛውር ስሙ አይቀየርም፣ አይፒው ግን ሊቀየር ይችላል። አይፒ ጽፎ ያለፈ ሰው አንድ ቀን ዳሽቦርዱ ዝም ሲልበት ምክንያቱን ፍለጋ ብዙ ይደክማል።

2. ፖርቱ። ፖስትግሬስ ብዙውን ጊዜ 5432፣ ማይኤስኪውኤል 3306፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር 1433 ነው። መካከል ላይ ፒጂባውንሰር (ግንኙነቶችን የሚያጋራ ፕሮግራም) ካለ የሱ የተለመደ ፖርት 6432 ነው።

3. የዳታቤዙ ስም። የሰርቨሩ መጠሪያ ሌላ ነው፣ በውስጡ ያለው የዳታቤዝ ስም ሌላ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አርዲኤስ ላይ ሰርቨሩ ሲፈጠር የዳታቤዝ ስም ካልተሰጠ ውስጡ የሚገኘው «ፖስትግሬስ» የሚባለው ብቻ ነው።

4. የፖስትግሬሱ ቨርዥን። ከታች ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ያስፈልጋችኋል።

5. ፕላትፎርሙ የሚሠራበት ቦታ። ላፕቶፓችሁ ላይ ነው? ራሳችሁ በምታስተዳድሩት ሰርቨር ላይ ነው? ወይስ የአምራቹ ክላውድ ላይ? ከዝርዝሩ ሁሉ ይሄ ይበልጣል። ፓወር ቢአይ ዴስክቶፕ ላይ የሠራው ግንኙነት ኦንላይን ከወጣ በኋላ እምቢ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ዴስክቶፑ የሚገናኘው ከእናንተ አይፒ ነው፣ ኦንላይኑ ግን ከማይክሮሶፍት ሰርቨሮች።

6. ፕላትፎርሙ ወደ ውጭ የሚወጣበት አይፒ። የአምራቹ ክላውድ ላይ ከሆነ የእርዳታ ገጻቸው ላይ ዝርዝሩ ይኖራል። ራሳችሁ የምታስተዳድሩት ከሆነ ሰርቨሩ ላይ ገብታችሁ የራሱን የውጭ አይፒ እዩ።

የአድሚን ዩዘሩንም ያዙ። የሚያስፈልገው ደረጃ 5 እና 6 ላይ ብቻ ነው፣ ፕላትፎርሙ ውስጥ በፍጹም አይገባም።

ደረጃ 2፦ ከየትኛው ሰርቨር እንደምታነቡ ወስኑ

ዳታቤዙ የአንድ አፕሊኬሽን የዕለት ሥራ የሚሠራበት ከሆነ አናሊቲክሱን በቀጥታ እሱ ላይ አትስቀሉ። አንድ ሰው ዳሽቦርድ ላይ የሦስት ዓመት ዳታ ሲጠራ ደንበኞች ክፍያ መፈጸም ያቅታቸዋል። በዚያ ላይ ረጅም ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚላክ ጥያቄ) ፖስትግሬስ ያረጁ ረድፎችን እንዳያጸዳ ስለሚይዘው፣ ኩዌሪው ካለቀ በኋላም ሰንጠረዦቹ አብጠው ሊቆዩ ይችላሉ።

መፍትሔው ሪድ ሬፕሊካ፣ ማለትም ለማንበብ ብቻ የሚሆን የዋናው ሰርቨር ቅጂ ነው። ሦስቱም ክላውዶች ላይ ከኮንሶሉ ይፈጠራል። የራሱ ስም ስላለው ከዚህ በኋላ የምትጠቀሙት የሱን ስም ነው። ኖታችሁ ላይ አስተካክሉ።

ስለ ሬፕሊካ ሦስት ነገር እወቁ። ከዋናው ትንሽ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ስለዚህ አሁን የገባ ሽያጭ ወዲያው ላይታይ ይችላል። ምንም ነገር ሊጻፍበት ስለማይችል ዩዘር የምትፈጥሩት ዋናው ላይ ነው፣ በራሱ ወደ ሬፕሊካው ይሄዳል። ረጅም ኩዌሪ ደግሞ መሀል ላይ ሊቋረጥ ይችላል፣ ምክንያቱን መጨረሻ ላይ ከስህተቶቹ ጋር ታገኙታላችሁ።

ዳታው ትንሽ ከሆነና ሪፖርቱን የሚያዩት ሁለት ሦስት ሰዎች ከሆኑ ሬፕሊካ ላይ ገንዘብ አታባክኑ። ደረጃ 5 ላይ ያሉትን ገደቦች በደንብ አስቀምጡ፣ ይበቃል።

ደረጃ 3፦ መንገዱን ክፈቱ

ሥራው ያለው እዚህ ነው። ሦስት አማራጭ አለ፣ ከእነሱ አንዱን ብቻ ምረጡ።

ሀ. ሁለቱም አንድ የግል ኔትወርክ ውስጥ ሲሆኑ

ፕላትፎርሙን ራሳችሁ የምታስተዳድሩት ከሆነ፣ ለምሳሌ ሜታቤዝን በራሳችሁ ሰርቨር ላይ ከጫናችሁ፣ ዳታቤዙ ያለበት ኔትወርክ ውስጥ አስገቡት። ዳታቤዙ ለኢንተርኔት አይጋለጥም። አርዲኤስ ላይ የምትሠሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የዳታቤዙ ሴኪዩሪቲ ግሩፕ (የአማዞን ፋየርዎል) ላይ ገቢ ሕግ ጨምሩ፣ ፖርቱን 5432 አድርጉ፣ ምንጩ ላይ አይፒ ከመጻፍ የሜታቤዙን ሰርቨር ሴኪዩሪቲ ግሩፕ ምረጡ። ሰርቨሩ ነገ አይፒ ቢቀይር ሕጉ አይበላሽም።

የምትመርጡት ካላችሁ ይሄን ምረጡ።

ለ. በኤስኤስኤች ቶነል

ዳታቤዙ የግል ኔትወርክ ውስጥ ነው፣ ፕላትፎርሙ ግን ውጭ ነው እንበል። መሀል ላይ አንዲት ትንሽ ሰርቨር ታቆማላችሁ። ፕላትፎርሙ በኤስኤስኤች (ወደ ሌላ ሰርቨር በምስጠራ መግቢያ መንገድ) እሷ ላይ ይገባል፣ እሷ ደግሞ ወደ ዳታቤዙ ታሻግረዋለች። ሜታቤዝ ፎርሙ ላይ ይህ ምርጫ አለው።

1. ትንሿን ሰርቨር ዳታቤዙ ባለበት ኔትወርክ ውስጥ፣ የውጭ አይፒ ባለው ክፍል አቁሙ።
2. ፖርት 22ን ለፕላትፎርሙ አይፒዎች ብቻ ክፈቱ።
3. ለቶነሉ ብቻ የሚሆን የሊነክስ ዩዘር ፍጠሩ፣ በፓስወርድ ሳይሆን በቁልፍ እንዲገባ አድርጉ።
4. የዳታቤዙ ፋየርዎል ላይ የትንሿን ሰርቨር አድራሻ ፍቀዱ።
5. ፎርሙ ላይ የዳታቤዝ አድራሻ ስትሞሉ ከትንሿ ሰርቨር ሆኖ የሚታየውን የዳታቤዙን ስም ጻፉ።

ፓወር ቢአይ በዚህ ፈንታ ጌትዌይ የሚባል ፕሮግራም አለው። ዳታቤዙን ማየት የሚችል ዊንዶውስ ማሽን ላይ ይጫናል። ማሽኑ ጠፍቶ ከሆነ ዳታው አይታደስም፣ ስለዚህ ማታ ማታ የሚዘጋ ላፕቶፕ ላይ አትጫኑት።

ሐ. በኢንተርኔት፣ ለተመረጡ አይፒዎች ብቻ

ሌላው ካልተቻለ ይሄ ነው። ዳታቤዙ የውጭ አድራሻ ይኖረዋል፣ ፋየርዎሉ ግን የሚያስገባው የፕላትፎርሙን አይፒዎች ብቻ ነው።

አርዲኤስ ላይ ሁለት ነገር አብሮ መሟላት አለበት። «ፐብሊክሊ አክሰሲብል» የሚለው መብራት አለበት፣ ሰርቨሩ ያለባቸው ሰብኔቶችም (የኔትወርኩ ክፍሎች) ወደ ኢንተርኔት ጌትዌይ የሚወስድ መንገድ ሊኖራቸው ይገባል። የመጀመሪያውን አብርተው ሁለተኛውን የረሱ ሰዎች ሴኪዩሪቲ ግሩፑን ሲነካኩ ይውላሉ። ክላውድ ኤስኪውኤል ላይ ቦታው «ኦቶራይዝድ ኔትወርክስ» ይባላል። አዙር ላይ የፋየርዎል ሕጎች ውስጥ ነው።

አይፒዎቹን አንድ በአንድ፣ መጨረሻቸው ላይ /32 (ይሄ አይፒ ብቻ ማለት ነው) ጨምራችሁ አስገቡ። አዙር ግን መነሻና መድረሻ አይፒ ነው የሚጠይቀው፣ ሁለቱም ላይ ያንኑ አይፒ ጻፉ።

ማስጠንቀቂያ፦ 0.0.0.0/0 አትጻፉ፣ ዓለም ሁሉ ይግባ ማለት ነው። «ለሙከራ ብቻ» ብላችሁም አትጻፉ። ፖርት 5432 ለዓለም ክፍት የሆነ ሰርቨርን ወዲያው የሚያገኙት ፓስወርድ የሚሞክሩ ሮቦቶች ናቸው። የሙከራ ሕግ ደግሞ ተረስቶ ይቀራል። የራሳችሁን አይፒ ለጊዜው መፍቀድ ካስፈለገ ማብራሪያው ላይ የሚነሳበትን ቀን ጻፉ።

መንገዱን ፈትኑ

ፕላትፎርሙን ገና አትንኩ። ሙከራው የሚደረገው ፕላትፎርሙ ካለበት ማሽን ላይ ነው። ከላፕቶፓችሁ መድረሱ ስለ ላፕቶፓችሁ ብቻ ነው የሚናገረው።

1. ስሙን ኤንኤስሉክአፕ በሚባለው ትእዛዝ ጠይቁ። የተመለሰው አይፒ በ10 ወይም በ192.168 ከጀመረ፣ ወይም ከ172.16 እስከ 172.31 ካለ፣ የግል አድራሻ ነው። ከውጭ ሆናችሁ ይሄን ካገኛችሁ ዳታቤዙ በኢንተርኔት አልተጋለጠም ማለት ነው፣ የቱንም ያህል ፋየርዎል ብትከፍቱ አትደርሱም።

2. ሊነክስ ወይም ማክ ላይ በኔትካት፣ ዊንዶውስ ላይ በፓወርሼል «ቴስት ኔትኮኔክሽን» ስሙንና ፖርቱን ሞክሩ።

ተገናኘ ካለ ወደ ደረጃ 4። ካልሆነ ዓይነቱን ለዩ። ቆይቶ ቆይቶ «ታይምድ አውት» ካለ መሀል ላይ የሆነ ነገር በዝምታ እየጣለው ነው፤ ፋየርዎል፣ ሴኪዩሪቲ ግሩፕ ወይም የሰብኔት መንገድ ነው። ወዲያው «ሪፊውዝድ» ካለ ማሽኑ ጋ ደርሳችኋል፣ እዚያ ፖርት ላይ ግን የሚሰማ የለም። ፖርቱን ተሳስታችኋል ወይም ሰርቨሩ ቆሟል።

ፕላትፎርሙ የአምራቹ ክላውድ ላይ ከሆነ ገብታችሁ መሞከር አትችሉም። እንግዲያውስ በሌላኛው በኩል እዩ። ዳታቤዙ ላይ «ሎግ ኮኔክሽንስ» የሚለውን ፓራሜትር አብሩና ፎርሙን አንዴ ተጫኑ። ሎጉ ላይ ሙከራው ከነአይፒው ከታየ መንገዱ ክፍት ነው። ምንም ካልታየ አልደረሰም፣ ፓስወርድ መቀየር ዋጋ የለውም።

ሜታቤዝን በዶከር ያስነሳችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ኮንቴይነር ውስጥ «ሎካልሆስት» ማለት ኮንቴይነሩ ራሱ ነው እንጂ ማሽናችሁ አይደለም። ማሽናችሁ ላይ የከፈታችሁትን ቶነል በዚያ ስም ፈልጎ አያገኘውም።

ደረጃ 4፦ ምስጠራውን አስተካክሉ

ከፖስትግሬስ 15 ጀምሮ አርዲኤስ ያለ ኤስኤስኤል የመጣን ግንኙነት በነባሪ አይቀበልም። አዙርም ያለ ኤስኤስኤል በነባሪ እምቢ ይላል። ስለዚህ «ኤስኤስኤል ሲጠፋ ይሠራል» የሚለውን የድሮ ምክር እርሱት።

የኤስኤስኤል ሞድ ምርጫዎቹ ብዙ ናቸው፣ የሚያስፈልጓችሁ ሦስት ናቸው።

«ሪኳየር» ዳታውን ያመሰጥራል፣ ሰርቨሩ እውነተኛው መሆኑን ግን አያጣራም። «ቬሪፋይ ሲኤ» ሰርተፊኬቱን የሰጠውን አካል ያጣራል። «ቬሪፋይ ፉል» ይህንንም የሰርቨሩን ስምም ያጣራል። በኢንተርኔት የምትገናኙ ከሆነ ቬሪፋይ ፉል ተጠቀሙ። ለዚህ ከክላውዱ የሰርተፊኬት ፋይል አውርዳችሁ ፕላትፎርሙ ላይ መጫን አለባችሁ።

በኤስኤስኤች ቶነል ስትሄዱ ግን ፕላትፎርሙ የሚያየው አድራሻ «ሎካልሆስት» ሊሆን ይችላል፣ ሰርተፊኬቱ ላይ ያለው ስም ደግሞ የዳታቤዙ ነው። ስለማይመሳሰሉ ቬሪፋይ ፉል ይወድቃል። እዚህ ጋ ቬሪፋይ ሲኤ ይበቃል።

ሰርተፊኬት ጊዜው ያልፋል። የአማዞን አርዲኤስ የ2019 ሰርተፊኬት እ.ኤ.አ. በኦገስት 2024 ሲያበቃ አዲሱን ፋይል ያላስገባ እና ሰርተፊኬት የሚያጣራ ፕሮግራም ሁሉ መገናኘት አይችልም ነበር። የእናንተ መቼ እንደሚያበቃ ካሌንደራችሁ ላይ መዝግቡ።

ደረጃ 5፦ ለፕላትፎርሙ ብቻ የሚሆን ዩዘር ፍጠሩ

አድሚኑን አትስጡ። አብዛኞቹ ፕላትፎርሞች ላይ ሰው በቀጥታ ኤስኪውኤል መጻፍ ይችላል፣ እናም አንድ ቀን አንዱ የማጥፊያ ትእዛዝ ይጽፋል። በክፋት መሆን የለበትም፣ ከሌላ መስኮት የተገለበጠ መስመር ይበቃል።

ዋናው ሰርቨር ላይ በአድሚኑ ግቡ። ከዚያ በትክክል የምትፈልጉት ዳታቤዝ ውስጥ መሆናችሁን አረጋግጡ፣ የስኪማ (ሰንጠረዦች በቡድን የሚቀመጡበት ክፍል) እና የሰንጠረዥ ፈቃድ የሚሠራው በገባችሁበት ዳታቤዝ ውስጥ ብቻ ነው።

1. ሎጊን ያለው አዲስ ሮል (ፖስትግሬስ ዩዘርን የሚጠራበት ስም) ፍጠሩ። ስሙ ሥራውን የሚናገር ይሁን። ፓስወርዱ ረጅም ይሁን፣ ፊደልና ቁጥር ብቻ ያለበት። እንደ @ እና # ያሉ ምልክቶች በአንድ መስመር በሚጻፍ የግንኙነት አድራሻ ውስጥ ትርጉም ስላላቸው ጣጣ ያመጣሉ። የግድ ካሉ @ በ%40፣ # ደግሞ በ%23 ይተካል።

2. «ግራንት ኮኔክት» በዳታቤዙ ላይ።

3. «ግራንት ዩሴጅ» በስኪማው ላይ። ይሄ ሲረሳ ሰንጠረዦቹ ላይ ፈቃድ ቢኖርም «ፐርሚሽን ዲናይድ ፎር ስኪማ» ይላል።

4. «ግራንት ሰሌክት» በስኪማው ባሉ ሰንጠረዦች ሁሉ ላይ።

5. «ኦልተር ዲፎልት ፕሪቪሌጅስ» ለወደፊት ሰንጠረዦች።

አምስተኛው ላይ ቆም በሉ። ቁጥር 4 የሚሠራው አሁን ላሉት ሰንጠረዦች ብቻ ነው። ነገ አዲስ ሰንጠረዥ ሲፈጠር ፕላትፎርሙ አያነበውም። ቁጥር 5 ይህን ይፈታል፣ ግን አንድ ወጥመድ አለው፤ የሚመለከተው ትእዛዙን የሰጠው ዩዘር የሚፈጥራቸውን ሰንጠረዦች ብቻ ነው። አድሚኑ ሆናችሁ ትእዛዙን ሰጣችሁ፣ ሰንጠረዦቹን የሚፈጥረው ግን የአፕሊኬሽኑ ዩዘር ነው እንበል። ምንም አልሠራችሁም። ትእዛዙ ውስጥ «ፎር ሮል» ብላችሁ የአፕሊኬሽኑን ዩዘር ስም ጥቀሱ። አዲስ ሰንጠረዥ በመጣ ቁጥር ፈቃድ በእጃቸው የሚሰጡ ሰዎች አብዛኞቹ የሚሰቃዩት በዚህች አንዲት ሐረግ ነው።

ከ14 ጀምሮ ሁሉንም የማንበብ ፈቃድ በአንዴ የሚሰጥ ዝግጁ ሮል ፖስትግሬስ ውስጥ አለ። ምቹ ነው። ግን የደንበኛ ስልክ፣ የፓስወርድ ሃሽ፣ ሁሉንም ያሳያል። እኔ አልመክረውም።

አሁን ገደቦቹን ጨምሩ። ሮሉ ላይ «ስቴትመንት ታይምአውት» አስቀምጡ፣ 2 ወይም 5 ደቂቃ ለመጀመሪያ ጥሩ ነው። «ኮኔክሽን ሊሚት» ደግሞ 10 አድርጉት። በራሱ በፖስትግሬስ የተለመደው አጠቃላይ የግንኙነት ጣሪያ 100 ነው፣ ገደብ የሌለው ፕላትፎርም የአፕሊኬሽኑን ድርሻ ሊበላ ይችላል።

ፈቃዱን ፈትኑ

በፒኤስኪውኤል (በፖስትግሬስ የትእዛዝ መጻፊያ ፕሮግራም)፣ በአዲሱ ዩዘር፣ ደረጃ 4 ላይ በመረጣችሁት የኤስኤስኤል ሞድ ግቡ። አንድ ሰንጠረዥ አንብቡ። ከዚያ ለሙከራ ሰንጠረዥ ለመፍጠር ሞክሩ። መከልከል አለበት። ቨርዥናችሁ ከ15 በታች ከሆነ ላይከለከል ይችላል፣ ያኔ «ፐብሊክ» ስኪማ ላይ ማንም መፍጠር ይችል ነበርና። ፈቃዱን በ«ሪቮክ» አንሱት፣ አስቀድማችሁ ግን አፕሊኬሽኑ በዚያ ፈቃድ እየሠራ አለመሆኑን አጣሩ።

ደረጃ 6፦ የሚታየውን ዳታ ለዩ

ይሄን መዝለል ይቻላል፣ ባትዘሉት ግን ጥሩ ነው። ለሪፖርት ብቻ የሚሆን ስኪማ ፍጠሩና ውስጡ ቪውዎችን (እንደ ሰንጠረዥ የሚነበቡ የተቀመጡ ኩዌሪዎችን) ሥሩ። ቪው በባለቤቱ ፈቃድ ስለሚያነብ የፕላትፎርሙ ዩዘር በሥር ያሉት ሰንጠረዦች ላይ ፈቃድ አያስፈልገውም። የሪፖርት ስኪማው ላይ ብቻ ፈቃድ ስጡት፣ ደረጃ 5 ላይ ዋናው ስኪማ ላይ የሰጣችሁትን አንሱ። ስልክ ቁጥርና ኢሜይል ቪው ውስጥ ካላስገባችሁ ማንም አያያቸውም።

ሌላ ጥቅምም አለው። ፕሮግራመሮቹ የአንድ ኮለም ስም ሲቀይሩ የምታስተካክሉት አንድ ቪው ነው፣ አርባ ዳሽቦርድ አይደለም።

ደረጃ 7፦ አሁን ፎርሙን ሙሉት

እስካሁን በትክክል ከመጣችሁ ይሄ ቀላሉ ነው። ከኖታችሁ ላይ ገልብጡ፤ በእጅ አትጻፉ፣ ከፊትና ከኋላ የተረፈ ክፍት ቦታ አለመኖሩን እዩ። የስኪማ ምርጫ ካለ የሪፖርቱን ስኪማ ብቻ ምረጡ፤ ሁሉንም ስትተዉት ፕላትፎርሙ መቶ የማያስፈልጉ ሰንጠረዦችን ሲቃኝ ይውላል።

ተገናኝቶ ሰንጠረዦቹ ባዶ ከሆኑ አትደንግጡ። ፕላትፎርሙ የሰንጠረዦቹን ዝርዝር በራሱ ጊዜ ነው የሚያነበው። ሜታቤዝ ላይ በአድሚን ገጽ የዳታቤዙን ስኪማ አሁኑኑ አንብብ የሚል ቁልፍ አለ፣ እሱን ተጫኑ። ከዚያም ባዶ ከሆነ ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ።

ደረጃ 8፦ በቀጥታ ይጠይቅ ወይስ ቅጂ ይያዝ?

ሁለት አሠራር አለ። አንደኛው ዳሽቦርዱ በተከፈተ ቁጥር ዳታቤዙን በቀጥታ መጠየቅ ነው። ሁለተኛው በየተወሰነ ጊዜ ቅጂ ወስዶ ከቅጂው መሥራት። ፓወር ቢአይ የመጀመሪያውን «ዳይሬክት ኩዌሪ»፣ ሁለተኛውን «ኢምፖርት» ይላቸዋል። ታብሎ ላይ «ላይቭ» እና «ኤክስትራክት» ናቸው።

አለቆች ሁልጊዜ «በቀጥታ» ይላሉ። የወር ሪፖርት ግን በየሰከንዱ መታደስ አያስፈልገውም። በቅጂ ጀምሩ፣ በእርግጥ አሁን ያለውን ማየት የሚፈልግ ሥራ ሲመጣ እሱን ብቻ ወደ ቀጥታ አዙሩት። ፓወር ቢአይ ፕሮ በቀን እስከ 8 ጊዜ በፕሮግራም ያድሳል፣ ፕሪሚየም እስከ 48። ማደሻውን ባካፕ ከሚወሰድበት ሰዓት ጋር አታጋጩ።

ቅጂ ስትወስዱ የማያስፈልጉ ኮለሞችን ተዉ። ከክላውድ ወደ ውጭ የሚወጣ ዳታ ይከፈልበታል፣ በየማደሻው ሙሉ ሰንጠረዥ መጎተት በወሩ መጨረሻ ቢሉ ላይ ይታያል።

ደረጃ 9፦ ቁጥሮቹን አመሳክሩ

«ተገናኝቷል» ማለት «ትክክል ነው» ማለት አይደለም። ለማንም ሊንክ ከመላካችሁ በፊት እነዚህን አድርጉ።

1. የአንድ ሰንጠረዥን የረድፍ ብዛት በፒኤስኪውኤልም በፕላትፎርሙም ቁጠሩ። ቅጂ ከሆነ ገደብ ላይ ደርሶ የተቆረጠ ሊኖር ይችላል።

2. ያለፈ፣ የተዘጋ ወር የገንዘብ ድምር አወዳድሩ። ፕላትፎርሙ ላይ ከበለጠ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ጆይኑን ነው። አንድ ትእዛዝ አምስት ዕቃ ካለው፣ ትእዛዙን ከዕቃዎቹ ጋር አጣምራችሁ የትእዛዙን ዋጋ ስትደምሩ አምስት ጊዜ ይቆጠራል።

3. የአንድ ቀን ቁጥር አወዳድሩ። ወሩ ትክክል ሆኖ ቀኑ ከተሳሳተ የሰዓት ቀጠና ነው። የክላውድ ሰርቨሮች ብዙውን ጊዜ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነው የሚሠሩት። በዩቲሲ የተመዘገበ የሌሊት ሽያጭ በእናንተ ሰዓት ሌላ ቀን ላይ ይወድቃል። ለውጡን አንድ ቦታ ላይ ብቻ አድርጉ፣ ወይ ቪው ውስጥ ወይ ፕላትፎርሙ ላይ። ሁለቱም ጋ ካደረጋችሁት ሁለት ጊዜ ይገፋል።

ስህተት ሲመጣ

መልእክቱን እስከ መጨረሻው አንብቡት። አብዛኛውን ጊዜ የትኛው ደረጃ ላይ እንደወደቃችሁ ይናገራል።

የሰርቨሩን ስም ማግኘት አልቻልኩም ካለ፦ ስሙ ተሳስቷል፣ ወይም ከፊቱ «ኤችቲቲፒኤስ» ጨምራችኋል። የዌብ አድራሻ አይደለም፣ ስሙን ብቻ ጻፉ።

ፓስወርዱ አልተሳካም ካለ፦ ደስ ይበላችሁ፣ መንገዱ ክፍት ነው። በዚያው ፓስወርድ በፒኤስኪውኤል ሞክሩ። እዚያ ከሠራ ችግሩ ፎርሙ ላይ ያለ ምልክት ወይም ክፍት ቦታ ነው።

«ኦተንቲኬሽን ታይፕ 10» አይደገፍም ካለ፦ ድራይቨሩ (ፕላትፎርሙን ከዳታቤዙ ጋር የሚያነጋግረው ክፍል) አርጅቷል። አዲሱን የፓስወርድ አሠራር፣ ስክራም የሚባለውን፣ አያውቅም። የጃቫው ድራይቨር ጄዲቢሲ ከሆነ 42.2.0 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። የዳታቤዙን የፓስወርድ አሠራር ወደ ድሮው አትመልሱ፣ ድራይቨሩን አድሱ።

«ፒጂ ኤችቢኤ» የሚል ነገር ጠቅሶ መጨረሻው ላይ ምስጠራ የለም ካለ፦ ኤስኤስኤል አልበራም። ደረጃ 4።

ሰንጠረዡ የለም ካለ፣ እናንተ ግን እያያችሁት ከሆነ፦ ስሙ ትልቅ ፊደል ይኖረዋል። ፖስትግሬስ በጥቅስ ውስጥ ያልተጻፈን ስም ወደ ትንሽ ፊደል ይቀይራል። በድርብ ጥቅስ ጻፉት፣ ወይም ከፊቱ የስኪማውን ስም ጨምሩ።

የቀሩት ቦታዎች የተያዙ ናቸው የሚል ከሆነ፦ ግንኙነቱ ሞልቷል። «ፒጂ ስታት አክቲቪቲ» የሚባለውን እዩ፣ ማን ስንት እንደያዘ ያሳያል። ጣሪያውን ከመጨመራችሁ በፊት የሚያፈሰውን ፈልጉ።

ሬፕሊካ ላይ «ኮንፍሊክት ዊዝ ሪከቨሪ» ብሎ ኩዌሪ ከተቋረጠ፦ ኩዌሪው የሚያነበውን ረድፍ ዋናው ሰርቨር አጽድቶታል። ሬፕሊካው የሚታገሰው በነባሪ 30 ሰከንድ ነው። የመታገሻውን ጊዜ ሬፕሊካው ላይ አርዝሙት፣ ዋጋው ሬፕሊካው ይበልጥ ወደ ኋላ መቅረቱ ነው። «ሆት ስታንድባይ ፊድባክ» የሚባለውን ማብራትም ይቻላል፣ ግን ያ ዋናውን ሰርቨር ያሳብጠዋል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ኩዌሪውን ለማሳጠር ሞክሩ።

ትናንት ይሠራ የነበረ ዛሬ ታይምድ አውት ካለ፦ አይፒ ተቀይሯል። የእናንተ ከሆነ ራውተሩ አዲስ አግኝቶ ይሆናል፣ የአምራቹ ከሆነ ዝርዝራቸውን አድሰው ይሆናል። ዝርዝሩን ከገጻቸው ላይ እንደገና አወዳድሩ፣ የሌለውን አስገቡ፣ የወጣውን ሰርዙ።

ሁሉም ሲሠራ ወደ ፋየርዎሉ ተመለሱና ለሙከራ የጨመራችኋቸውን ሕጎች አጥፉ። ሎግ ኮኔክሽንስንም ካልፈለጋችሁት መልሱት። ከዚያ ዳሽቦርዱን አንዴ አድሱትና አሁንም መሥራቱን እዩ፤ ካቆመ የተገናኘው በሙከራው ሕግ ነበር ማለት ነው፣ ደረጃ 3ን እንደገና ጀምሩት።